ስልክ የሚለካው ልብስ ሰፊ

የዳምጠውን መሞት የሰማሁት በግማሽ በግማሹ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሩ አጠገብ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ስልኬ ድምፅ አሰማ። የላከችው እህቱ ናት። የላከችውን ስነካው ጥቁር ጠርዝ ያለው ገጽ ተከፈተልኝ። «ውድ ወንድማችንና አለኝታችን አቶ ዳ» ይልና መስመሩ ይቆረጣል። ከሥሩ «ባደረበት ሕመም ምክንያት በተወለደ በሃም» ይልና እሱም ይቆረጣል። የቀረው በስተቀኝ በኩል ከስልኬ ውጪ ቀርቷል። ጣቴን ወደ ጎን ገፋ ሳደርግ «ምጠው» መጣ፤ «ምጠው» ሲመጣ ደግሞ «ውድ ወንድማችን» በግራ በኩል ወጥቶ ሄደ። ፎቶውም እንዲሁ ነው። አንዴ ግራ ጆሮው፣ አንዴ ቀኝ ጆሮው። ሙሉ ፊቱን በአንድ ጊዜ ማየት አልቻልኩም።

እንባዬ የመጣው ቆይቶ ነው። አስቀድሞ የመጣብኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ ነው። በዚች በአዲስ አበባ ሰው ገጽ ወደ ጎን እንዳይጎትት ብሎ የደከመ አንድ ሰው ቢኖር ዳምጠው ነበር። የሱን ሞት እኔ ወደ ጎን እየጎተትኩ ማንበቤን ቢያይ ኖሮ ከሳጥኑ ተነስቶ «ማነው ይሄን ሳይለካ የሰፋው?» ይል ነበር።

እኔ ገርጂ ውስጥ የእትዬ ለተብርሃን የእንግዳ ማረፊያ በር ጠባቂ ነኝ። ማረፊያ ከመሆኑ በፊት የእሳቸውና የባላቸው የአቶ ሐጎስ መኖሪያ ቤት ነበር፤ ያኔም በር ጠባቂው እኔው ነበርኩ። ዳምጠውን ያወቅኩት በካፖርቴ ምክንያት ነው። እጅጌው ረዝሞ ጣቶቼን ይሸፍናል። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ ያሳጥራሉ ሲሉኝ ሄድኩ። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ «ድረ ገጽ እንሠራለን። ልብስም እናጠብባለን።» ይላል። ሁለቱ እንዴት አንድ ሱቅ ውስጥ ሊያድሩ እንደቻሉ እያሰብኩ ገባሁ።

ውስጥ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ተቀምጧል። በግራው የስፌት መኪና፣ በቀኙ ኮምፒውተር፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ሜትር። የለበሰው ኮት ግን ሌላ አንድ ሰው የሚጨምር ነው። ካፖርቴን ሲለካ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አንተ፣ ልብስ ሰፊ ሆነህ የገዛ ኮትህ እንዲህ ይሰፋል?»

«ጋሼ፣ ለራሴ የሚለካኝ ሰው የለም» አለኝ ስፒል በጥርሱ ይዞ። «ሰው ራሱን ሲለካ ወይ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወይ ትከሻውን ያነሳል። እኔ ትከሻዬን አነሳሁ።»

እንዲህ ተዋወቅን። አባቱ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖሯል። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ከውጭ እየመጣ ደንበኛው ሲርቀው፣ በጎልማሳነቱ ኮምፒውተር ተማረ። ሁለቱን ሙያ ግን በልቡ ለይቷቸው አያውቅም። «አንዱ ለሰው ገላ ነው የሚሰፋው፣ ሌላው ለመስኮት። ሁለቱም ልክ ነው» ይላል። መስኮት የሚለው ኮምፒውተሩ ላይ ገጹ የሚከፈትበትን አራት ማዕዘን ነው። ጠርዙን ይዞ ወደ ውስጥ ሲገፋው ጽሑፉ እየታጠፈ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል፣ ሥዕሎቹ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባሉ። ሲከፍተው ሁሉም ተመልሶ ይዘረጋል። እንደ አኮርዲዮን።

«አዩት ጋሼ? ኮምፒውተር ጨዋ ደንበኛ ነው። ስፋትህ ስንት ነው ሲባል ያለውን ይናገራል።»

ይህን ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ የሠራው እሱ ነው።

አቶ ሐጎስ ካረፉ በኋላ ቤቱ ለእትዬ ለተብርሃን ሰፋባቸው። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። አንድ ደላላ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሻይ ይጠጣል፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ «ይሸጡትና ይረፉ» ብሎ ይሄዳል። እትዬ ለተብርሃን ግን ሐጎስ መሠረቱን ራሱ ቆሞ ያስቆፈረውን ቤት እንዴት ብዬ እሸጣለሁ አሉና፣ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነውና አምስቱን መኝታ ክፍሎች ለመንገደኛ አሰናዱ። ለደላላውም ቁርጡን ነገሩት።

«እስከ መስቀል እሞክራለሁ። እስከ መስቀል እንግዳ ካልገባ፣ ገዢህን ይዘህ ና።»

ቤቱ ከተሸጠ በሩ አጠገብ ያለችው የኔ ክፍልም አብራ ትሸጣለች። እንግዳ ቤቱን በምን ያውቀዋል ሲባል እንግዲህ፣ ስለ ዳምጠው የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ገጹ በግንቦት ተመረቀ። ዳምጠው ኮምፒውተሩን አምጥቶ ሳሎን ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር በሽቦ አገናኘው። ጎረቤት ተጠርቷል፣ ድፎ ተቆርሷል፣ የእትዬ የንስሐ አባትም መጥተዋል። ገጹ ሲበራ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ወጡ። በግራ ቤቱ ከነበረንዳው፣ በመሀል መኝታውና ከሥሩ መታጠቢያ ቤቱ፣ በቀኝ ደግሞ አቶ ሐጎስ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ቦታውን የመረጡት እትዬ ናቸው። «ሐጎስ በቀኝ ይሁን» ብለው። ከሥሩ የስልክ ቁጥሩ ተጽፏል። እልል ተባለ። አባታችን ባርከው ጠበል ሊረጩት እጃቸውን ሲያነሱ ዳምጠው ዘሎ ሶኬቱን ነቀለ፤ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ተረጨ፣ በፎጣ ታበሰ፣ እንደገና በራ፣ እንደገና እልል ተባለ።

ከጎረቤት አንዱ «በስልክስ እንዴት ነው የሚታየው?» ብሎ ጠየቀ።

ዳምጠው ፈገግ አለና የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ወደ ውስጥ ገፋው። ገጹ ተሰብስቦ የስልክ ያህል ጠበበ። «ይኸው ስልክ!» አለ። ተጨበጨበለት። እሱ ራሱ የያዘው ስልክ ባለ ቁልፉ፣ ኢንተርኔት የማያውቀው መሆኑን ያኔ ማንም ልብ አላለም።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌም አለፈ። አንድም ሰው አልደወለም። እትዬ ለተብርሃን ስልኩን ጓዳም ሲገቡ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሲሄዱ ይዘውት ይዞራሉ። ደላላው ሻዩን ሁለት ብርጭቆ አደረገው።

በነሐሴ አንድ ቀን፣ ዝናቡ እያካፋ፣ ዳምጠው ጃንጥላ ይዞ ወደ በሩ መጣ።

«ጋሼ ወልዴ፣ ስንት እንግዳ ገባ?»

«አንድም።»

«አይሆንም! ገጹ'ኮ ልክ ነው። ራሴ ነኝ የለካሁት።»

«እሱስ ነው» አልኩት ቀስ ብዬ። «እኔም አንዳንዴ አቶ ሐጎስን ለማየት እከፍተዋለሁ። ጉንዳን አክለው ነው የሚታዩኝ እንጂ።»

«ምን አሉ?»

ስልኬን ሰጠሁት። አሮጌ ናት፣ ጥግዋ ላይ የተሰነጠቀች፣ ልጄ የሰጠኝ። ገጹን ከፈተው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያየነው ሁሉ አንድም ሳይጎድል ሦስት ጣት በማይሞላው ስፋት ውስጥ ገብቷል። ሦስቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን እንደ ሦስት የቴምብር ፍርፋሪ ተደርድረዋል። ጽሑፉ የተበተነ ጤፍ ነው። የስልክ ቁጥሩ የት እንዳለ ለማወቅ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ዳምጠው ጃንጥላውን ለቀቀው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚታይዎት?»

«ከምረቃው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዓይኔ ነው ብዬ።»

እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። «ሦስት ወር ሙሉ!» አለ። «ሰው ሁሉ ዓይኔ ነው እያለ ዝም ብሎ ዘጋው ማለት ነዋ።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ። ፊቱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነበር፤ የታመነ ደንበኛ የከዳው ሰው ፊት።

«ስልክ ይዋሻል ጋሼ።»

«ምን ብሎ?»

«ኮምፒውተሩን መስኮቱን ሳጠብበው ጠብቤያለሁ ይላል። ገጹም አምኖት አብሮ ይጠባል። ስልክን ግን ገጹ ስፋትህ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቀው፣ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነኝ ይላል። ሲለካ ሦስት መቶ ስድሳ ነው! ይቺ የእርስዎዋ!» ብሎ ስልኬን በጣቱ ጠቆማት። እኔም በሷ ፈንታ አፈርኩ።

«ለምን ትዋሻለች?»

«በይሉኝታ ነው። ድሮ ገጽ ሁሉ የሚሰፋው ለትልቅ ኮምፒውተር ነበር። ስልክ ያኔ ጠባብ ነኝ ብትል ልብሱ ሁሉ ይተረተርባታል። ስለዚህ ሰፊ ነኝ ብላ ትልቁን ልብስ ትቀበልና፣ ከዚያ ወዲያ ከሩቅ እንደሚታይ አድርጋ ታሳንሰዋለች።»

ይህን ሲል አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ብሎ በላያችን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀና ወደ ላይ አመለከተኝ።

«እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው አሁን ገርጂን በሙሉ ያያል?»

«ያያል።»

«የእርስዎን በርስ?»

«የኔንማ ከየት አምጥቶ!»

«እሱ ነው እንግዲህ። ገጹ ሙሉ ነው፣ በሩ አይታይም።»

መድኃኒቱ አንዲት መስመር ናት አለኝ። ገጹ ራስጌ ላይ ትጻፋለች፣ ሰው አያያትም፣ ስልኩ ግን ያያታል፤ ስፋትህ ያለህ ስፋት ይሁን ትለዋለች። ኮምፒውተር ስለማይዋሽ እሱ ዘንድ አታስፈልግም፤ ዳምጠውም የተሳሳተው በጨዋው ለክቶ ይሉኝተኛውን ስላለበሰ ነው። ያቺን መስመር ጻፈና ስልኬን ድጋሚ ከፈትን። ቤቱ ከነበረንዳው ስልኬን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላት። ጽሑፉ ያለ መነጽር ይነበባል። ጣቱን አስቀምጦ ወደ ጎን ገፋው፤ ገጹ ንቅንቅ አላለም።

«ልኩ ነው» አለ። ይህቺ ቃል ልብስም ሲያስረክብ የሚናገራት ናት።

ደስ ብሎን እትዬ ለተብርሃንን ጠራናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቤታቸውን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«ሐጎስስ?»

«ወደ ታች ይግፉት እትዬ።»

ገፉት። መኝታ ቤቱ መጣ። ገፉት። መታጠቢያ ቤቱ ከነመቀመጫው መጣ። አሁንም ገፉት። አቶ ሐጎስ መጡ።

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዳምጠው፣ ሐጎስን ሽንት ቤት ሥር አስቀመጥከው?»

«ሥር አይደለም እትዬ፣ ቀጥሎ ነው። ስልኩ ስለሚጠብ ጎን ለጎን አይቆሙም። በቀኝ የነበረው መጨረሻ ይሆናል።»

«ዋይ! ባሌ በሰው ሰርግ እንኳ መጨረሻ ተቀምጦ አያውቅም!»

«ኮምፒውተር ላይ አሁንም በቀኝ ናቸው…»

«ሰው የሚያየው በስልክ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም? እንግዲያው እሱ ከላይ ይሁን። ሽንት ቤቱን የትም ውሰደው።»

አቶ ሐጎስ ወደ ላይ ወጡ። ገጹ ሲከፈት አሁን የሚታየው ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ኮስታራ ሽማግሌ፣ ከሥራቸው የስልክ ቁጥር ነው። ታዲያ አይገርምም፣ በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ! እትዬ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሄሎ፣ ገጹን አይቼ ነው የደወልኩት» አለ የአንድ ወንድ ድምፅ።

«እንኳን ደህና መጡ!»

«ኧረ… ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጥናችሁ።»

እትዬ ግራ ተጋቡ። «አሜን። ምነው?»

«ሰላሳቸው አለፈ ወይስ ገና ነው?»

«ሰባት ዓመታቸው ነው!»

ሰውየው «ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ማሰብዎ… እግዜር ያክብርዎ» ብሎ ዘጋው። በዚያው ሳምንት ሌሎች ሦስት ሰዎች ደወሉ፤ ሦስቱም አጽናኑን። አንዷማ አልቅሳለች። አልጋ የጠየቀ የለም።

መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደላላው ገዢ ማግኘቱን ተናገረ። ዳምጠው እትዬን ለመናቸው። እሳቸው ግን ቁርጥ አደረጉት። «ሐጎስን ወደ ታች ከማወርደው ቤቱን እሸጠዋለሁ!» አሉ፤ እንባቸው መጣ። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሴትዮዋ እውነታቸውን ነበር። አንድ የቀራቸው የባላቸው ክብር ነው፣ እሱ የሚጠበቅበት ቤት ደግሞ ሊሸጥ ነው።

ዳምጠው ሲጨንቀው የሚለካ ሰው ነው። ያን ቀን ከኔ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ያገኘውን ሲለካ ቆየ። ዱካዬን ለካው። የበሩን ስፋት ለካው። ከበሩ እስከ በረንዳው ያለውን ጠጠር መንገድ ሜትሩን እያነሳና እየጣለ ለካው፤ ከበረንዳው እስከ ሳሎን ደፍ ለካ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለና ገባ። እኔም ተከተልኩት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አቶ ሐጎስ በሕይወት ሳሉ እንግዳ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው ማን ነበር?»

«ጋሽ ወልዴ ናቸዋ።»

«አቶ ሐጎስስ የት ነበሩ?»

«ሳሎን ነዋ። ከውስጥ፣ እዚያ ወንበሩ ላይ።»

«እንግዳው በሩን አልፎ፣ በረንዳውን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚያገኛቸው?»

«አዎ፣ መጨረሻ ላይ። ተነስቶ ይቀበለዋል።»

«በር ላይ ቆመው እንግዳ ጠብቀው ያውቃሉ?»

«ሐጎስ? በር ላይ? ምን በወጣው!»

«እንግዲያው እኔ ነኝ በር ላይ ያቆምኳቸው» አለ ዳምጠው፤ ጎንበስ ብሎ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ስልክ ላይ ገጽ ከላይ ወደ ታች አይደለም የሚሄደው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ጠባብ ነው፣ እንደ መግቢያችን። ሰው አንድ በአንድ እያለፈ ነው የሚገባው። መጨረሻው የክብር ቦታ ነው።»

እትዬ ለተብርሃን ስልኬን ተቀበሉኝ። በዝግታ ወደ ታች ገፉት፣ ወደ ላይ መለሱት፣ እንደገና ወደ ታች ገፉት። እያዩት ያለው ስልኩን አይመስለኝም፤ ቤታቸው ውስጥ እየሄዱ ነበር።

«ሽንት ቤቱ ግን ከሱ አጠገብ አይሁን» አሉ በመጨረሻ።

«አይሆንም። በመሀል ሳሎኑን አስገባለሁ።»

«ታዲያ በሩ ላይ ማን ይቆማል?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

ፎቶ የተነሳሁት በማግስቱ ነው። ካፖርቴን ዳምጠው ቢያሳጥረውም ወገቡ ገና ሰፊ ነበር፤ ለመስፋት ጊዜ የለም ብሎ ከጀርባዬ በስፒል ሰበሰበው።

«ስንት ስፒል ነው?» አልኩት።

«አይቁጠሩ ጋሼ። አይተንፍሱም።»

በሩን በአንድ እጄ ገርበብ አድርጌ፣ አፌን ትንሽ ከፍቼ ቆሜያለሁ። ያየው ሁሉ «ይግቡ ሲሉ ነው የተነሱት፣ እንዴት ደስ ይላል» ይላል። ስፒል ወግቶኝ ነው።

መስቀል አራት ቀን ሲቀረው ደላላው ገዢውን ይዞ መጣ። ገዢው ግቢውን በእርምጃ እየቆጠረ፣ የእትዬን ጽጌረዳ ረግጦ አለፈ። እትዬ በረንዳው ላይ ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አንዲት ወይዘሮ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ስልኳን አየች፤ እኔን አየች፤ ስልኳን አየች።

«አባባ! እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ ልጄ፣ ይግቡ።»

በረራዋ ለነገ ተላልፎባት ነው፤ ከኋላዋ እንደሷ የተላለፈባቸው ሁለት ሰዎች ከታክሲ እየወረዱ ነበር። እትዬ ሻንጣዎቹን ሲያዩ ወደ ደላላው ዞሩ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እንግዳ መጥቶብኛል።»

«ነገ ልምጣ?»

«ነገም እንግዳ አለብኝ» አሉ። በነገታው እንደሚኖር አያውቁም ነበር። ኖረ ግን።

ለዳምጠው ደወልኩለት። ያ ሰፊ ኮቱ እየተርገበገበ ሮጦ ደረሰ። ስንት ክፍል እንደተያዘ አልጠየቀም። በቀጥታ ወደ ወይዘሮዋ ሄደና፣ «እመቤት፣ ስልክዎን አንዴ ላየው?» አላት። ደንግጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የገጹ ሰፊ ነው ብዬ አስረዳኋት። ሰጠችው። ጣቱን አስቀምጦ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ልኩ ነው» አለ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የሰው ስልክ ሳያይ ገጽ አስረክቦ አያውቅም። ይህ ጠባዩ ብዙ አሳይቶታል። አንዴ ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚኒባስ ስንመጣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት «ስልክዎን አንዴ ላየው?» ቢላት፣ «ሌባ!» ብላ ጮኸች። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሊያወርደው ኮቱን ያዘ።

«ሌባ ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞራል?» አለ ዳምጠው።

«ዘንድሮ ለክተው ነው የሚሰርቁት ፋዘር፣ ውረድ!» አለው ረዳቱ።

ሁለታችንም ወርደን በእግር መጣን። መንገዱን ሙሉ የተከፋው በመሰደቡ አልነበረም። «ስልኳ ሰፋ ያለ አዲስ ዓይነት ነበር ጋሼ፣ ሳላየው ቀረ» እያለ ነው።

የኔን ስልክ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ንዋይ ነበር የሚሳሳላት። ልጄ ትልቅ አዲስ ስልክ ሲገዛልኝ ዳምጠው ራሱን ይዞ፣ «እርስዎ ከቀየሩ እኔ በማን ልለካ ነው?» አለ። አዲሱን ለልጄ መለስኩለት። እሱ የሰፋውን ገጽ ሁሉ ለማየት ስል ያልገባሁበት ነገር የለም፤ የጥርስ ሐኪም፣ የወፍጮ ቤት፣ የሙሽራ መኪና። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ከገባ በኋላ መምጣቱን ባያበዛም፣ «ጋሼ ይሄን ይዩልኝ» እያለ ይልክልኛል። እኔም ደውዬ «ልኩ ነው» ወይም «ከቀኝ ይፈሳል» እለዋለሁ። «ይፈሳል» ስለው ያመሰግነኛል እንጂ አይከፋውም፤ ያ የነሐሴ ዝናብ ትዝ ይለዋል መሰለኝ።

በመጨረሻ የላከልኝ የራሱ ገጽ ነበረች። ስንት ዓመት ለሰው ሠርቶ ለራሱ ገጽ አልነበረውም። «ድረ ገጽ እንሠራለን። ልብስም እናጠብባለን» ትላለች። ከፈትኳት።

«ዳምጠው፣ ከቀኝ ትፈሳለች» አልኩት።

ሳቀ፤ ሳሉ ሳቁን ቆረጠው። «አላልኩዎትም ጋሼ? ለራሴ የሚለካኝ የለም። ሲሻለኝ እመለስበታለሁ።»

አልተመለሰባትም።

ረቡዕ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ እህቱ አጠገብ ተቀመጥኩና፣ ማለት ባይገባኝም፣ የተላከልኝ የሞቱ ወሬ ከቀኝ እንደሚፈስ ነገርኳት። ዓይኖቿን ጠርጋ አየችኝ።

«የአጎታችን ልጅ ነው በኮምፒውተር የሠራው። እዚያ ላይ'ኮ ልክ ነበር ጋሼ ወልዴ!»

ልክ ዳምጠው የተናገረውን። ሳቅ አመለጠኝ፤ እሷንም አመለጣት። ሽማግሌዎቹ ገላመጡን። ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን እየሳቅን አለቀስን።

ዓርብ ጠዋት ወደ በሩ ተመልሼ ዱካዬ ላይ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። አንድ ጎልማሳ ሻንጣውን እየጎተተ ቆሟል። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት አይደል? ፎቶው ላይ ያሉት?»

«እኔ ነኝ። ስልክዎን አንዴ ላየው?»

ወደ ደረቱ ሰብሰብ አደረገው። ጠበቅኩት። ከዚያ ሽበቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሰጠኝ። በሩ ላይ እኔ ቆሜያለሁ፣ አፌን ከፍቼ። ቀስ ብዬ ወደ ታች ገፋሁት። በረንዳውን አለፍኩ፣ መኝታዎቹን አለፍኩ፣ ሳሎኑን አለፍኩ፤ አቶ ሐጎስ መጨረሻ ላይ ከነሙሉ ፊታቸው ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም ጆሯቸው ይታያል። ጣቴን አስቀምጬ ወደ ጎን ገፋሁ። ገጹ ንቅንቅ አላለም።

«ምን እያዩ ነው አባባ?» አለኝ ሰውየው።

«ልኩ ነው» አልኩና ሻንጣውን ተቀበልኩት።